ዳምፕሊንግ፦ ቅቅል ሳምቡሳ

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ስካይሪም የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ በሰይፍና በዘንዶ የተሞላ ነው። በዓመቱ ሃርዝፋየር የሚባል ተጨማሪ ክፍል ወጣለትና ተጫዋቹ ቤት መሥራት፣ ምድጃ ማስገባት፣ ዱቄትና የዶሮ ሥጋ አዋህዶ ዳምፕሊንግ መጋገር ጀመረ። ስካይሪም የሚገኝበት የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ በ2019 እ.ኤ.አ. የራሱ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ታተመለት፤ አዘጋጇ ቼልሲ ሞንሮ-ካሰል ናት። በስክሪን የታየውን ምግብ በቤት ሠርቶ መቅመስ ዛሬ ራሱን የቻለ ልማድ ሆኗል። ቆቦ ውስጥ ያለ ወጣትም ልሞክረው ቢል፣ ማጀት ገብቶ ለእናቱ ምን ብሎ ይንገራቸው?

ዳምፕሊንግ ሁለት ምግቦችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ምንም ያልተሞላበት፣ ተድቦልቡሎ ሾርባ ወይም ወጥ ውስጥ የሚበስል ሊጥ ነው። ይህን «ድቡልቡል ሊጥ» ብንለው ይበቃል። ሁለተኛው በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ሥጋ ወይም አትክልት ተደርጎበት፣ ጠርዙ ተጣብቆ የሚቀቀል ወይም በእንፋሎት የሚበስል ነው። የቻይናው ጂያኦዚ፣ የኔፓሉ ሞሞ፣ የቱርኩ ማንቲ ሁሉም እዚህ ይመደባሉ። በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ወገኖቻችንም ፔልሜኒን ያውቁታል። ለዚህኛው የምመርጠው «ቅቅል ሳምቡሳ» የሚለውን ነው። «የሊጥ ከረጢት» ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ማን አፉ ውስጥ ይከተዋል? ሳምቡሳን በረመዳን ማፍጠሪያም ሆነ በጾም ምስሩ የማያውቀው የለም፤ «ቅቅል» የሚለው ደግሞ ዘይቱን አስወግዶ ድስቱን ያመጣል። በእንፋሎት ሲበስል «የእንፋሎት ሳምቡሳ» ማለት ነው። (የስካይሪሙ ከምድጃ ስለሚወጣ በዚህ ሚዛን «የተጋገረ ሳምቡሳ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ራሱ በዚህ ብዙም አይጨነቅም።)

ከቆቦ በአላማጣ በኩል ወደ ሰሜን ሲዘለቅ፣ ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ፣ ጥሕሎ አለ፤ ለድቡልቡሉ ዓይነት ከአገራችን የሚቀርበው እሱ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ስለሚቆላ ዱቄቱ በውሃና በጨው ታሽቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ ሳይቀቀል በሥጋ ወጥ እየተነከረ ይበላል።

ቆቦ ያለችበት የራያ ቆላ እህል ግን ማሽላ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል። ስንዴ ሊጡ እንደ ላስቲክ እንዲሳብ የሚያደርግ ግሉተን አለው፤ ማሽላ የለውም። የማሽላ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ አቡክቶ ለመዳመጥ የሞከረ ሰው ሊጡ ጠርዝ ጠርዙን እየተሰነጠቀ ያስቸግረዋል፤ ፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይበተናል። መላው እንጀራ ጋጋሪዎች እጅ ላይ ነው፤ አብሲት። አብሲት የሚጣለው ከሊጡ ጥቂቱ በሙቀት በስሎ ሌላውን እንዲይዝ ነው። እዚህም ዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ እያፈሰሱ በማማሰያ ማሸት፣ እጅ ሲችለው ደግሞ ማቡካት ነው። ቻይናዎቹም ለሽሪምፕ ዳምፕሊንጋቸው የስንዴ ስታርች በፈላ ውሃ ያቦካሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግን በፉርኖ ዱቄት ቢጀምር ይሻለዋል። ዱቄቱን በውሃና በትንሽ ጨው ጠንከር አድርጎ አቡክቶ፣ ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ መልሶ ይሰበሰባል። ብዙዎች የሳምቡሳን ቂጣ ምጣድ ላይ ለብ ያደርጉታል፤ ይህ ግን ጥሬውን ነው የሚሞላው። ሙሌቱ የተፈጨ የፍየል ሥጋ በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይሆናል፤ በጾም ጊዜ ውሃው በደንብ የተንጠፈጠፈ ምስር። ሙሌቱ ከረጠበ ጠርዙ አይጣበቅም። ጠርዙን በውሃ አርሶ፣ ከውስጥ አየር እንዳይቀር በጣት እየተጫኑ መዝጋት ነው። ፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይሰምጣል፤ ከተንሳፈፈ በኋላ ሥጋው እስኪበስል ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል። ማባያው አዋዜ ነው።

የማሽላው ዓይነት በእንፋሎት ቢበስል ይመረጣል፤ ድስት ውስጥ እየተገላበጠ አይሰበርም። ከቀዘቀዘ ግን ይደርቃልና እንደወጣ መብላት ነው።