የጠላ ቤት ምልክትና የድረ ገጽ መልክ

ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፥ ጠላ ሻጭ በደጃፏ እንጨት ተክላ በጫፉ ጣሳ ስትደፋበት፥ ማንበብ የማይችለውም መንገደኛ ጠላ መኖሩን ያውቃል። ምልክቱ የተመረጠው ለጌጥ ሳይሆን ከሩቅ እንዲታወቅ ነው። ዛሬም ትንሹ ነጋዴ ለድረ ገጹ ተሰናድተው ከሚቀርቡት መልኮች አንዱን ሲመርጥ ጥያቄው ይኸው መሆኑን እንገነዘባለን።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፥ ተስማሚው ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛው የማይነበብ ጭረት ይሆን ነበር። ያ ችግር ቢቃለልም፥ ለላቲን ፊደል ብቻ የታሰበ መልክ የአማርኛውን መስመር ያጨናንቃል፤ ከባድ ሥዕል የበዛበትም በደካማ ኔትወርክ ቶሎ አይከፈትም፤ ገበያተኛውም ሳይጠብቅ ያልፋል።

ስለዚህ ነጋዴው ከውበቱ አስቀድሞ፥ ዕቃው፥ ዋጋውና አድራሻው በስልክ ላይ ወዲያው መነበባቸውን ይመርምር እንላለን።