የወሬ መዝገብ፦ ክትባት፣ አመኔታ እና በር የምታንኳኳው ሴት



«ወሬ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፍቺ አለው። «የአገር ቤት ወሬ እንዴት ነው?» ብለን ስንጠያየቅ ዜና ማለታችን ነው፤ «ተወው፣ ወሬ ነው» ስንል ደግሞ አሉባልታ። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የክትባት ታሪክ በእነዚህ ሁለት ፍቺዎች መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው። በዛሬው ጽሑፌ ይህን ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ የጤና ሚኒስቴሮች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ለጋሾች የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጨውን የተሳሳተ የክትባት መረጃ እንዲመክቱ ማሠልጠንን ዐቢይ ተግባራቸው አድርገውታል። ሠልጣኟ ሐሰተኛ ቪዲዮን እንዴት እንደምትለይ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለተነሣ ጥርጣሬ እንዴት እንደምትመልስ ትማራለች።

ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄን ይዘላል። የጤና ሠራተኛዋ ቃል ክብደት የሚያገኘው ከየት ነው? የእኔ መልስ የሚከተለው ነው፦ ክብደቱ የሚመነጨው ሠራተኛዋ በቃሏ ከያዘችው ትክክለኛ መልስ ሳይሆን፣ ማንን ወክላ እንደመጣች ሕዝቡ ካለው ግንዛቤና የተነገራትን ጥርጣሬ ወደ ላይ ወስዳ መልስ ማምጣት ከመቻሏ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈንጣጣ፦ ወሬ እንደ መረጃ

ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ስትጀምር ሕዝቡ ለክትባት እንግዳ አልነበረም። ቃሉ ራሱ ከ«ክታብ» ጋር አንድ ሥር አለው። ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊት የአገር ባለሙያዎች ከታማሚ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ እየበጡ ይከትቡ ነበር። ይህ ልማድ አንዳንዶችን ከብርቱ ሕመም ቢያድንም በሽታውን ወደ ሌሎች የሚያዛምትበት ጊዜም ነበር። በደጋው አገር አንዳንድ አካባቢዎች ሰዎች የመንግሥትን ክትባት እምቢ ያሉት «ክትባት ምንድን ነው?» በማለት አልነበረም፤ «የኛ ይሻላል» በማለት ነበር። እምቢታቸው ከባዶ አእምሮ የመጣ ሳይሆን በነባር ዕውቀት ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው።

ዘመቻው መንገድ በሌለበት፣ የጤና ተቋም እጅግ በተራራቀበት አገር ሕዝቡን ሁሉ ለመከተብ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዘ፤ በሽታውን አሳድዶ ማግኘትና በታማሚው ዙሪያ ያሉትን መከተብ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዋነኛ ግብዓት ወሬ ነበር። ሠራተኞቹ የፈንጣጣ ታማሚ ምስል ያለበትን ካርድ ይዘው «ይህን የመሰለ በሽታ የት አያችሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የተገኘው ወሬ ሁሉ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ሁሉ በቦታው ተገኝቶ ይጣራል። ከሚሰሙት ብዙዎቹ ወሬዎች ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ሆነው ይገኙ ነበር። ሆኖም ሐሰት ሆኖ የተገኘ ወሬ ያመጣ ሰው አይነቀፍም፤ ሥራው የሚራመደው ሰዎች ያለ ፍርሃት ሲናገሩ ነውና።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1976 በኦጋዴን ተገኘ። በጥቅምት 1977 ደግሞ በሶማሊያዋ መርካ ከተማ ዓሊ ማው ማአሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ታመመ፤ በተፈጥሮ ፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው የዓለም ሰው እርሱ ሆነ። ማአሊን ለአጭር ጊዜ በክትባት ዘመቻው ውስጥ ሠርቷል፤ ራሱ ግን መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ አልተከተበም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ፣ የሚያመነቱ ወላጆችን የገዛ ታሪኩን እየነገረ ያግባባ ነበር። በ2013 ያረፈውም በዚሁ አገልግሎት ላይ እንዳለ ነው። «እኔም ፈርቼ ነበር» የሚል ሰው አድማጭ አያጣም።

ካኖ፦ ወሬ ምክንያት ሲኖረው

በ2003 በሰሜናዊ ናይጄሪያ የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬውን ያራመዱት ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ከመካከላቸው ሐኪምም የሃይማኖት መሪዎችም ነበሩ። የካኖ ግዛት ክትባቱን ለአንድ ዓመት ያህል አቋረጠ። ከዚያ የተነሣው ቫይረስ ድንበር እየተሻገረ ከፖሊዮ ነጻ የነበሩ ወደ ሃያ የሚጠጉ አገሮችን መልሶ አጠቃ። ሱዳንን አቋርጦ ለአራት ዓመት ገደማ ፖሊዮ ወዳልታየባት ኢትዮጵያም ገባ። በካኖ የተናፈሰ ወሬ በትግራይ ሕፃን እግር ላይ ሰለለ ማለት ይቻላል፤ ያውም ማኅበራዊ ሚዲያ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን።

የካኖ ሰዎች ለምን ተጠራጠሩ? በ1996 በከተማዋ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞክሮ ነበር። በሙከራው ከተካተቱት 200 ሕፃናት 11 ሞቱ። ኩባንያው ሞቱን ያስከተለው በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ወላጆች ፈቃዳችን በወጉ አልተጠየቀም ብለው ከሰሱ፤ በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረሰ። በዚህ ላይ ጎረቤታቸው በኩፍኝና በወባ እየሞተ፣ ያልጠየቁት የፖሊዮ ጠብታ ብቻ በነጻ በር ድረስ ለምን እንደሚመጣ ግልጽ መልስ አላገኙም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ስለ ክትባቱ የተወራው ሐሰት ነበር፤ ጥርጣሬው ግን ከእውነተኛ ገጠመኝ የተወለደ ነበር።

መፍትሔውም በማስተባበያ መግለጫ አልመጣም። ክትባቱ ከኢንዶኔዥያ እንዲገዛ ተደረገ፤ ምርመራው ተቃዋሚዎቹ ባሉበት ተካሄደ፤ የባህልና የሃይማኖት መሪዎች የሥራው ባለቤት ሆኑ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በየመንደሩ ከነዋሪዎቹ መካከል የተመረጡ ሴቶች በበጎ ፈቃደኛ ቀስቃሽነት ተሠማሩ። እነዚህ ሴቶች ነፍሰ ጡሮችንና አራስ ልጆችን ይመዘግባሉ፤ በስም ማውጫ ሥነ ሥርዓት ላይ ይገኛሉ፤ ስለ ንጽሕናና ስለ ጡት ማጥባት ይመክራሉ። ፖሊዮ ከሚያነሧቸው ጉዳዮች አንዱ ብቻ ነበር። መሥዋዕትነትም ተከፍሏል፤ በየካቲት 2013 በካኖ ከተማ ቢያንስ ዘጠኝ ሴት ክትባት ሰጪዎች በጥይት ተገድለዋል። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ሲታወጅ፣ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ከላቦራቶሪው ድርሻ አያንስም ነበር።

የአመኔታ ሒሳብ

የእኔ ሙያ፣ ማለትም ኢኮኖሚክስ፣ ባለፉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት ይህን ነገር በቁጥር ለመለካት ሞክሯል። ሣራ ሎውስና ኤድዋርዶ ሞንቴሮ የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች በካሜሩንና በመካከለኛው አፍሪካ ከ1921 እስከ 1956 በእንቅልፍ በሽታ ስም ያካሄዱትን የግዳጅ ምርመራና መርፌ አጥንተዋል። ዘመቻው በርትቶ በነበረባቸው አካባቢዎች ዛሬም የሕፃናት ክትባት ዝቅተኛ ነው፤ ሰዎች የደም ምርመራን እምቢ የማለት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ የፓኪስታን ነው። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኦሳማ ቢን ላደንን ፍለጋ የሐሰት የሄፓታይተስ ክትባት ዘመቻ እንደተጠቀመ በ2011 ሲጋለጥ፣ ሞኒካ ማርቲኔዝ-ብራቮና አንድሪያስ ስቴግማን እንዳሰሉት፣ ለእስላማዊ ፓርቲዎች ከፍ ያለ ድጋፍ ባለባቸው አውራጃዎች የክትባት ሽፋን ከ23 እስከ 39 በመቶ ወርዷል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አመኔታ እንደ ካፒታል የሚጠራቀም ሀብት መሆኑን ነው። ልዩነቱ አንዱ ያጠራቀመውን ሌላው ሊያባክነው መቻሉ ነው። ሰላዩ ያወጣውን ወጪ የከፈለችው በማግስቱ በር ያንኳኳችው ነርስ ናት። ቅኝ ገዥው የፈጸመው በደል ዕዳው ለልጅ ልጆች ተላለፈ። ለጤና ሠራተኛዋ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ይህን ዕዳ እንድታወራርድ መጠበቅ የሒሳቡን መጠን አለማወቅ ነው።

ሚኒሶታ፦ መልስ ያጣ ጥያቄ

ጉዳዩ የድህነት ወይም ያለመማር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ታሳየናለች። በግዛቷ በተወለዱ የሶማሌ ማኅበረሰብ ሕፃናት ዘንድ የኩፍኝ ክትባት ሽፋን በ2004 92 በመቶ ነበር፤ በ2014 ግን ወደ 42 በመቶ አሽቆለቆለ። በመካከሉ የሆነው ነገር ቀላል ነው። እናቶች በልጆቻቸው ላይ ኦቲዝም የበዛ መሰላቸው፤ ምክንያቱንም ጠየቁ። ሳይንስ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉት ግን መልስ አለን የሚሉ ሰዎች ሆኑ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውና በ2010 ከመጽሔቱ የተሰረዘው ጥናት ባለቤት አንድሩ ዌክፊልድ ራሱ ወደ ሚኒያፖሊስ ሄዶ ወላጆችን አነጋገረ። በ2017 ኩፍኝ ገባ፤ 75 ሰዎች ተያዙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ።

እነዚያ እናቶች የሚያስፈልጋቸው «ክትባት ኦቲዝም አያመጣም» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ አልነበረም። «ታዲያ ልጄን ምን ነካው? ማንስ ይረዳኛል?» የሚል ጥያቄ ነበራቸው። ብሬንዳን ናይሃንና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ኦቲዝም የተሰጠ ማስተባበያ የወላጆችን የተሳሳተ እምነት ሲያርም፣ ቀድሞውኑ ክትባትን ከሁሉ ይበልጥ በሚጠራጠሩት ዘንድ ግን የመከተብ ፈቃደኝነትን ጭራሽ ቀነሰ። ክርክሩን መርታትና ልጁን ማስከተብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የእኛዋ ሠራተኛ

ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚህ መነጽር ሲታይ አስደናቂ ንድፍ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፤ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ፣ ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ እንደ ብዙዎቹ አገሮች በጎ ፈቃደኞች ሳይሆን የመንግሥት ደመወዝተኞች። ሥራቸው ዐሥራ ስድስት ዘርፎችን ይሸፍን ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት። በአንድ አሥርት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሠራተኞች ተሠማሩ። ከናይጄሪያ መንደር ሴቶች ጋር የሚጋሩት ብርታት ግልጽ ነው፦ የምትመጣው የታወቀች የሰው ልጅ ናት፤ የምትመጣውም ለአንድ መርፌ ብቻ አይደለም።

ድክመቱም ከዚያው ንድፍ ይመነጫል። ሠራተኛዋ የመንግሥት ሰው ናት። ከ2011 ገደማ ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚያገለግለው የሴቶች ልማት ሠራዊትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሲታከልበት፣ የጤናው መስመርና የቀበሌው መስመር በብዙ ቦታ ተደራረቡ። ስለ ወሊድ ምክር ያመጣችው ሴት ለስብሰባ የምትጠራና መዋጮ የምታስታውስ ስትሆን፣ በሩን የሚከፍትላት ሰው ሌላ ሒሳብ ይይዛል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለልጃገረዶች ሲመጣና «መካን ያደርጋል» የሚለው ነባር ወሬ በስልክ ሲሰራጭ፣ ወላጅ የሚመዝነው ቪዲዮውን ብቻ አይደለም፤ የምታስተባብለውን ሴትና የላካትን አካል ጭምር ይመዝናል።

ሥልጠናው ምን ይሁን?

ከእናንተ ብዙዎቹ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ በለጋሽ ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ሲነደፉ ጠረጴዛው ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። በ2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን በሰፊው ከቆረጠች በኋላ ምርጫው ይበልጥ ከብዷል። ገንዘብ ሲጠብብ አውደ ጥናት ይተርፋል፤ ደመወዝ ይቆረጣል። የሠለጠነ ሰው ቁጥር በሪፖርት ላይ በቀላሉ ይታያል፤ አንዲት ሠራተኛ በአንድ ቀበሌ ዐሥር ዓመት መቆየቷ ግን የሪፖርት ዓምድ የለውም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን ታነሡ ዘንድ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ሠልጣኟ የሰማችውን ወሬ የምትመዘግብበትና በቀናት ውስጥ መልስ የምታገኝበት መስመር አለ ወይ? የፈንጣጣው ዘመን ሠራተኛ በእግርና በበቅሎ እየተጓዘ ይህን ሠርቶታል፤ ስልክ በእጇ ላለችው ሠራተኛ ይህ ሊከብድ አይገባም። ሁለተኛ፣ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ» እንድትል ተፈቅዶላታል ወይ? ክትባቱን ተከትሎ የታመመ ልጅ ሲኖር የሚመረምርና ውጤቱን ለቤተሰቡ የሚናገር አካል ከጀርባዋ ከሌለ፣ የሚሰጣት የንግግር ክህሎት ባዶ ዕቃ ነው። ሦስተኛ፣ ከጤና ውጭ ላለ ቅስቀሳ እንዳትላክ የሚጠብቃት ደንብ አለ ወይ? ይህ ከሥልጠናው ሰነድ ሁሉ ርካሹ፣ ግን ለማስፈጸም ከሁሉም ከባዱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን። በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች በቤተሰብ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድኖች ውስጥ የምንልከው መልእክት አገር ቤት ሲደርስ ልዩ ክብደት አለው። «እሷ እዚያ ያለችው ናት የላከችው» ተብሎ ይታመናል። ያ አመኔታ በዓመታት የስልክ ጥሪ፣ በላክነው ገንዘብና በተካፈልነው ኀዘን የተጠራቀመ ነው። የሰማነውን ሳናጣራ ስናስተላልፍ የምናወጣው ከዚህ ሀብት ነው፤ ከፋዩ ግን በማግስቱ የዘመዶቻችንን በር የምታንኳኳው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።