ከድል በኋላ፤ የመልሶ ግንባታውን ወጪ ማን ከፈለ? (ከ1933 እስከ 1952 ዓ.ም.)

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከአምስት ዓመት ወረራ የወጣው አገር መንግሥት ነበረው እንጂ ግምጃ ቤት አልነበረውም። በገበያው ላይ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ የኢጣልያ ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና ሌላም የውጭ ገንዘብ ተደበላልቆ ይሠራበት ነበር። ጠላት የሠራቸው መንገዶች ጠቃሚ ቢሆኑም ጥገናቸው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን የሰው ጉዳት ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወዲህ ጠላት የተማሩ ወጣቶችን እየለየ ስላጠፋ፣ የተከፈቱትን መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሚመራ ሰው በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

ስለዚህ ዘመን ሲጻፍ የተመረቁት ሕንፃዎችና የወጡት ዐዋጆች መዘርዘራቸው የተለመደ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ሌላ ጥያቄ ነው። ለመልሶ ግንባታው ማን ከፈለ? የከፋዩ ማንነትስ በትምህርት ሥርጭት ላይ ምን ውጤት አስከተለ?

፩. የውጭ ርዳታና ዋጋው

የመጀመሪያው ገንዘብ የመጣው ከውጭ ነው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት፣ የእንግሊዝ መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ፣ በሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ ለመስጠት ተስማማ፤ ስምምነቱ ከቀጠለም ርዳታው በሦስተኛው ዓመት ወደ 500,000፣ በአራተኛው ወደ 250,000 ዝቅ እንዲል ተወሰነ። ከዚህ አኃዝ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ርዳታው ከመነሻው እየቀነሰ እንዲያልቅ የታቀደ ነበር። ሁለተኛ፣ ያለ ግዴታ የተሰጠ አልነበረም፤ የመንግሥት ወጪ ከእንግሊዝ አማካሪዎች ጋር በቅርብ በመመካከር እንዲፈጸም ተደረገ፤ ኦጋዴንን የመሰሉ አካባቢዎችም በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆዩ። በመሆኑም ነፃነቱን ለማጽናት የፈለገ መንግሥት የራሱን ገቢ ፈጥኖ መፈለግ ነበረበት። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ይህ ርዳታ ሲቀር፣ የአገር ውስጥ ገቢ መሠረት በከፊል ተጥሎ ነበር።

፪. የራስ ገንዘብና የመሬት ግብር

የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሕጋዊነት ወጣ። የገጠሩ ሕዝብ ወረቀት ለመቀበል ማመንታቱ ስለማይቀር፣ የኀምሳ ሳንቲሙ ገንዘብ ከእውነተኛ ብር እንዲሠራ ተደረገ፤ ማዕድኑም የተገኘው ከአሜሪካ መንግሥት ነው። ሕዝብ የማያምነው ገንዘብ ደመወዝም ሆነ ግብር ሊሆን እንደማይችል የዘመኑ ሹማምንት በሚገባ ተገንዝበውት ነበር።

ከገንዘቡ ጋር ግብሩም ተለወጠ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመክፈል፣ በዓይነት ይሰጥ የነበረውን አስራት በጥሬ ገንዘብ ተካው። እንደ ሸዋና ሐረርጌ ባሉ ግዛቶች አንድ ጋሻ ለም መሬት ግብርና የአስራት ምትክ በአንድነት 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ ደግሞ 15 ብር ይከፈልበት ጀመር። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በዚህ ሥርዓት አልገቡም።

በሕጉ ከፋዩ ባለርስቱ ነው። ነገር ግን ባለርስቶች የአስራቱን ሸክም ወደ ጢሰኛው ማዛወራቸው የተለመደ ነበር። ስለዚህ በመዝገብ ላይ የባለርስት ስም የተጻፈበት ግብር በተግባር ከጢሰኛው ጎተራ የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፫. የትምህርት ግብር

ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን በራሳቸው እጅ መያዛቸው ለትምህርት የተሰጠውን ቀዳሚነት ያሳያል። በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። እነዚህ ተቋማት ክፍት ለሆኑት የመንግሥት ሥራዎች ሰው ማፍራት ነበረባቸው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግን በሌላ መንገድ እንዲስፋፋ ታሰበ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ግብር ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረ። ገንዘቡ በተሰበሰበበት አካባቢ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል፣ የአካባቢ የትምህርት ቦርዶችም እንዲቆጣጠሩት ተደነገገ። የሐሳቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ የከፈለውን ገንዘብ ፍሬ በቅርብ ያያል፤ ከማዕከል የሚመጣውን በጀትም አይጠብቅም።

ጉድለቱ የታየው በአሠራሩ ነው። የትምህርት ግብር የመሬት ግብርን ጥላ ስለሚከተል፣ መሬት በጋሻ ያልተለካበት አገር ወይም አርብቶ አደሩ የሚኖርበት ቆላ በዚህ መንገድ የሚያገኘው ገቢ አነስተኛ ነበር። የተሠሩትም ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ በከተሞች ስለ ተተከሉ፣ ግብሩን በተዘዋዋሪ የከፈለው ጢሰኛ ልጁን ለማስተማር ብዙ ሰዓት በእግር ማስኬድ ወይም ከዘመድ ቤት ማስጠጋት ነበረበት። ለመልሶ ግንባታ የታሰበው ግብር የቆየውን ያለመመጣጠን በአዲስ መልክ አጸናው።

፬. ብድርና ካሣ

ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቁት ሥራዎች ብድር ጠበቁ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን፣ ለቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረች። በዓመታቱ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ማለቱ የውጭ ምንዛሪውን ደገፈው። ኢጣልያ ግን በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ቢወሰንም፣ ሁለቱ መንግሥታት በአከፋፈሉ የተስማሙት በ1948 ዓ.ም.፣ ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። ካሣው ለቆቃ ግድብ ሥራ ዋለ፤ ግድቡም በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ድሉ ከተገኘ 19 ዓመት ሆኖታል። በ1933 ዓ.ም. ለትምህርት የደረሰ ሕፃን ካሣውን ሊጠብቅ አይችልም ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የውጭ ርዳታ ጊዜ እንደሚገዛ፣ ካሣ እንደሚዘገይ፣ መልሶ ግንባታውን የሚሸከመው ግን የአገሩ ገበሬ እንደ ሆነ ነው። በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶችን ጎድቷል። ዛሬ ዕቅድ የሚነድፍ ባለሙያ ስንት የመማሪያ ክፍል እንደሚሠራ ከማስላቱ ጋር፣ ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣና መክፈል የማይችለው አካባቢ በምን እንደሚካካስ አስቀድሞ ሊወስን ይገባዋል። መምህራንም በየትምህርት ቤታቸው የቆዩትን የምሥረታ መዝገቦች ቢመረምሩና የአካባቢውን አረጋውያን ቢጠይቁ፣ የትምህርት ቤታቸው ግንብ በማን መዋጮ እንደ ቆመ ያገኙታል። ይህን ማወቅ ለተማሪው ታሪክ ነው፤ ለዕቅድ አውጪው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው።