ሦስት ምስክር ለአንድ ተጫዋች፤ ዓይን፣ ቪዲዮና ቁጥር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሻሸመኔ ውስጥ የታዳጊዎች ግጥሚያ ስመለከት አንድ የግራ መስመር አጥቂ ልቤን ወሰደው። ተከላካዩን አታሎ ባለፈ ቁጥር በሜዳው ዙሪያ የቆመው ሰው ይጮሃል፤ እኔም አብሬ እጮሃለሁ። ጨዋታው ሳያልቅ ለማውቀው አሠልጣኝ ደውዬ «ይህ ልጅ እንዳያመልጥህ» አልኩት።

ማታ ጨዋታውን በስልኩ ከቀረጸ ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ደግመን ስናየው አፈርኩ። ልጁ ካለፈባቸው ኳሶች የተነጠቃቸው ይበዛሉ። በተነጠቀ ቁጥር ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። የእሱን ክፍተት እየሮጠ የሚደፍነው አንድ ቀጭን አማካይ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም። በዓመቱ ስለ አማካዩ ሳጠያይቅ ኳስ ትቶ ባጃጅ እንደሚነዳ ነገሩኝ። የባጃጅ ሥራ የሚናቅ ሆኖ አይደለም፤ የልጁን ዕጣ የወሰነው የእኔና የመሰሎቼ የአንድ ቀን እይታ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተጫዋች እንዴት ይመዘን የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ ቤዝቦል ነው። አነስተኛ በጀት የነበረው ኦክላንድ አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2002 የውድድር ዘመን 20 ጨዋታዎችን በተከታታይ፣ በጠቅላላው ደግሞ 103 ጨዋታዎችን አሸነፈ። ሌሎች የናቋቸውን ቁጥሮች እያነበበ ርካሽ ተጫዋቾችን ይመርጥ ነበር። በዓመቱ ማይክል ሊዊስ «መኒቦል» በተሰኘው መጽሐፉ ታሪኩን ሲጽፍ ብዙዎች የመልማዮች ዘመን አከተመ አሉ። አላከተመም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በከፍተኛው ሊግ ሜዳዎች ሁሉ የኳሱንና የተጫዋቹን እንቅስቃሴ የሚለካ «ስታትካስት» የተባለ ሥርዓት ቢዘረጋም መልማዮች ወደ ሜዳ መሄዳቸውን አልተዉም። ሦስቱ ምስክሮች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነውና።

ዓይን ምን ያያል?

ሜዳ የሄደ ሰው ካሜራ የማይከተለውን ያያል። ልጁ ሲቀየር ተናዶ ነው የሚወጣው? ጓደኛው ሲሳሳት ይሰድበዋል ወይስ ያበረታታዋል? ኳስ ሳይነካ ዙሪያውን ይቃኛል? በሻሸመኔ አየር እንደ ልቡ የሚሮጥ ልጅ በድሬዳዋ ሙቀት ይደክም እንደሆነም ማየት የሚቻለው እዚያው ተገኝቶ ነው። የዓይን ድክመት ደግሞ ከጩኸቱ ጋር አብሮ መጮሁ ነው። አንድ ድንቅ ጎል ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ የታየን ስንፍና ያስረሳል።

ቪዲዮ ምን ያስታውሳል?

ቪዲዮ አይቸኩልም፣ አያዳላም፣ ደጋግሞ ይመሰክራል። ችግሩ በአገራችን ሁሉም ጨዋታ አለመቀረጹ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ ሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምርና ክለቦቹ እንደ አዳማና ሐዋሳ ባሉ የተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲጫወቱ ለመልማይ ትልቅ ዕድል ተከፈተ። አንድ ሰው በአንድ ከተማ ተቀምጦ ብዙ ክለቦችን በዓይኑ ማየት፣ ያመለጠውንም በቴሌቪዥን መከለስ ቻለ። ከዚያ በታች ያለው ጨዋታ ግን ሰው በስልኩ ካልቀረጸው ጠፍቶ የሚቀር ነው።

ቁጥር ምን ይላል?

ቁጥር በትክክል ከተጠየቀ እውነት ይናገራል። እንበልና አንድ አጥቂ በ1,800 ደቂቃ 8 ጎል፣ ሌላው በ720 ደቂቃ 5 ጎል አገቡ። ባለ 8 ጎሉ የሚበልጥ ይመስላል። ጎሉን በ90 አባዝተን ለተጫወተበት ደቂቃ ስናካፍል ግን የመጀመሪያው በ90 ደቂቃ 0.40፣ ሁለተኛው 0.63 ያገኛል። ቢሆንም ሁለተኛው ተቀይሮ የሚገባው ተጋጣሚ ከደከመ በኋላ እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረንም።

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው። 29 የማይካድ ቁጥር ነበር፤ በኋላ ከሜዳ የሚያርቀውን ጉዳት ግን አስቀድሞ ሊናገር አይችልም።

የቡድን ቁጥርም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉት ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወረዱ። ሦስቱም የመጡት ከአንድ ሊግ ነው። የታችኛው ሊግ ሰንጠረዥ ብቻውን የላይኛውን እንደማይተነብይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በጣም ጥንቃቄ የሚሻው ቁጥር ዕድሜ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው በከንቱ አይደለም። በ16 ዓመት ልጆች መካከል የሚጫወት የ19 ዓመት ወጣት ኮከብ መስሎ ቢታይ አያስገርምም።

በሩጫ ነገሩ ይቀላል። በቆጂ ላይ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ሲያሠለጥን ዓይኑ የመረጠውን ሰዓት ያረጋግጥለት ነበር። እግር ኳስ እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። ስለዚህ ሦስቱን ምስክሮች ማገናኘት ግድ ነው።

ታዲያ እንዴት ይገናኙ?

ከስህተቴ ተምሬ የምከተለው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ከመሄዴ በፊት የልጁን የተጫወተበት ደቂቃ፣ ቦታና ዕድሜ እይዛለሁ። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ተጋጣሚ ፊት አየዋለሁ። በአንዱ ጨዋታ ኳሱን ትቼ እሱን ብቻ እከተላለሁ። ፍርዴንም ከማንም ጋር ከመነጋገሬ በፊት ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከተነጋገርን በኋላማ የሁላችንም ዓይን አንድ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ስልክ ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጬ ሜዳውን በሙሉ አስቀርጻለሁ። ቀናት አልፈው ስሜቱ ሲበርድ ሦስት ነገር እቆጥራለሁ፤ ስንት ኳስ ተቀበለ፣ ስንቱን ለጓደኛው አደረሰ፣ ከተነጠቀ በኋላስ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ምን አደረገ?

ሦስቱ ምስክሮች ከተስማሙ ውሳኔው ቀላል ነው። ካልተስማሙ አማካይ አውጥቶ መገላገል አይገባም። ዓይኔ ወድዶት ቁጥሩ ከጠላው «ምን አየሁ? ምንስ ሳልቆጥር ቀረሁ?» ብዬ አራተኛ ጊዜ እሄዳለሁ።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክና ትዕግሥት ነው። ሻሸመኔን ለመሰሉ፣ የታዳጊ ጨዋታቸው በቴሌቪዥን ለማይታይ ከተሞች ፕሮጀክቶችና ክለቦች አቅም የሚበልጥ አይደለም። የዚያን ቀን ደብተር ይዤ ቢሆን ኖሮ ከአጥቂው በፊት የአማካዩን ስም እጠይቅ ነበር።