የቀዶ ሕክምና ምላጭ

የቀዶ ሕክምና ምላጭ፣ በሐኪሞች አጠራር ስካልፔል፣ ከእጀታና ከሚነቀል ስለት የተሠራ የሰውነት መክፈቻ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከዚህ መሣሪያ ጋር ተዋውቀዋል፤ በኤዲንብራ የሠለጠኑት ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ መምህር ነበሩ።

ድሮ ቢላው አንድ ወጥ ነበር፤ በደነዘ ቁጥር ይሳላል። አሜሪካዊው ሞርጋን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1915 ስለቱ ተነቅሎ በአዲስ የሚተካበትን ምላጭ በፈጠራ መብት አስመዘገበ።

በስለቱ ላይ የሚታተመው ቁጥር ጀማሪን ያሳስታል። ቁጥሩ የቅርጽ መለያ እንጂ የስለት ጥራት ደረጃ አይደለም። 10፣ 11፣ 12 እና 15 ቁጥር በ3 ቁጥር እጀታ ላይ ይገባሉ፤ ከ20 እስከ 24 ያሉት ደግሞ ሰፋ ያለውን 4 ቁጥር ይፈልጋሉ።

ዋናው ጥያቄ ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚቆረጥና እጅ በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። 10 ቁጥር ሆዱ ክብ ስለሆነ ረጅም የቆዳ መስመር በአንድ ስበት ይከፍታል፤ 20 እና 22 የእሱ ታላላቆች ናቸው፣ ለሆድ ቀዶ ሕክምና ይመረጣሉ። 15 ቁጥር አጭር ነው፤ ለፊት፣ ለጣትና ለሕፃን ቆዳ ይስማማል። መግል የቋጠረ እብጠት ሲሆን ግን ሹሉ 11 ቁጥር ይነሣል፤ ወግቶ ይከፍታል። በዚህ ሹል ረጅም መስመር መቁረጥ ጥልቀቱን ከቁጥጥር ያወጣል። 12 ቁጥር እንደ ማጭድ የታጠፈ ሆኖ በውስጥ ጠርዙ ይቆርጣል።

የምርጫው ክብደት በምጥ ቀዶ ሕክምና ላይ ጎልቶ ይታያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቀዶ ሐኪም በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች እናቶችን የሚያዋልዱ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ታሠለጥናለች። ቆዳው በሰፊ ስለት ቢከፈትም ማህፀን ላይ ሲደረስ እጅ መቅለል አለበት፤ ከሥሩ የልጁ ጭንቅላት አለ። ስለዚህ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተከፍቶ በጣት ይሰፋል።

የካርቦን ብረት ስለት እጅግ ሹል ቢሆንም ይዝጋል፤ የማይዝገው ብረት እርጥበትን ይችላል። ሁለቱም የሚታሸጉት ለአንድ ታካሚ ብቻ ነው። ስለቱ የሚገጠመውና የሚነቀለው በመርፌ መያዣ እንጂ በጣት አይደለም፤ ከሐኪም ወደ ነርስ የሚተላለፈውም በሳህን ላይ ተቀምጦ ነው። ያገለገለው ወዲያው በሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣላል።