ኮሎኔል ሬብ

ኮሎኔል ሬብ በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች የቀድሞ መለያ ምስል ሲሆን፣ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀና ከዘራ የያዘ፣ ነጭ ጺም ያለው የደቡብ ባለርስት ሆኖ ይሣል ነበር። ቡድኖቹ «ሬብልስ» (ዓማፅያን) የተባሉት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ምስሉም በዚያው አሥርት ዓመት ተሣለ፤ ከ1979 ጀምሮ ደግሞ አንድ ሰው የኮሎኔሉን ልብስ ለብሶ በሜዳ ይታይ ነበር።

«ሬብልስ» የሚለው ስያሜ ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች (ኮንፌዴሬሽኑ) የተዋጉበትን የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ያስታውሳል። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የተመሠረተው «ዩኒቨርሲቲ ግሬይስ» የተባለ የደቡብ ጦር ሻምበል በ1863 በጌቲስበርግ ባደረገው የማጥቃት ዘመቻ የተሰለፉት በሙሉ ሞተዋል፣ ቆስለዋል ወይም ተማርከዋል። ደጋፊዎች ምስሉን የዩኒቨርሲቲው ትውፊት ያደርጉታል፤ ተቃዋሚዎች ግን የባሪያ አሳዳሪ አምሳል ነው ይላሉ። ጄምስ ሜሬዲዝ በ1962 የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆኖ ሲመዘገብ በግቢው በተነሣው ሁከት ሁለት ሰዎች ስለሞቱ፣ ተቃውሞው ከሩቅ ታሪክ ብቻ የመነጨ አይደለም። በ1982 ጥቁሩ የደጋፊዎች መሪ ጆን ሆኪንስ የኮንፌዴሬሽኑን ባንዲራ አልይዝም አለ።

ኮሎኔሉ በ2003 ከሜዳ ተነሣ። በ2010 ጥቁር ድብ፣ ቆይቶም ሻርክ ተተኩ፤ «ሬብልስ» የሚለው ስም ግን አልተለወጠም።