የጋራው እንዴት ተራ ተባለ? የአንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ታሪክ

በሼክስፒር «ሐምሌት» የመጀመሪያ ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ንግሥቲቱ ለአባቱ ጥቁር ለብሶ የሚያዝነውን ልጇን ስታጽናና፣ ሞት በሕያው ሁሉ ላይ የሚደርስ መሆኑን «ኮመን» በሚል ቅጽል ትገልጽለታለች። ልዑሉም ያንኑ ቃል ተቀብሎ ይመልስላታል። እናት «የሁሉ ዕጣ ነው» ለማለት የተናገረችው ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ «ተራ፣ ርካሽ» የሚል መርዝም ይሰማበታል። «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሆነ ከእርሱ በኋላ ይህን ሥራ የሚሞክር ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። አማርኛ ለአንደኛው ትርጉም «የጋራ» ወይም «የወል» አለው፤ ለሁለተኛው «ተራ» አለው፤ ሁለቱን በአንድ ጉርሻ የሚያጎርስ ቃል ግን በቀላሉ አይገኝለትም። ለመሆኑ እንግሊዝኛው እንዴት ሊኖረው ቻለ? ጥያቄው የሰዋስው ብቻ ይመስላል። ተከታትለን ስንሄድ ግን የሚያደርሰን ከግጦሽ መሬት ላይ ነው።

ቃሉ ከላቲኑ «ኮሙኒስ» ተነሥቶ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል ያለፈ ሲሆን፣ በ1300 ገደማ (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ይገኛል። መነሻ ትርጉሙ ሁሉም የሚካፈለው፣ የአንድ ሰው ብቻ ያልሆነ ማለት ነው። «ኮሙዩን» እና «ኮሙኒዝም» የሚሉት ቃላትም የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ይሁን እንጂ ቃሉ ገና ከጥዋቱ ንጹሕ ነበር ብለን አናሞካሸው። በ14ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ሴተኛ አዳሪዋን «ኮመን» ሴት ይሏት ነበር። እኛም «የማንም» ስንል የምናስበውን ማሰብ ነው፤ የሁሉ የሆነው ቶሎ የማንም ይሆናል።

ቅጽሉ ወደ ስምነት ተሻግሮ «ዘ ኮመን» ሲባል መሬት ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። መሬቱ ባለቤት የሌለው፣ ሁሉም እንዳሻው የሚፈነጭበት ይመስለናል። አልነበረም። ርስቱ አብዛኛውን ጊዜ የባላባቱ ነው፤ በላዩ ላይ ግን የመንደሩ ነዋሪዎች በልማድ የጸና መብት ነበራቸው። ከብት ያሰማራሉ፤ እንጨት ይለቅማሉ፤ ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር ይቆርጣሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የባሉጥ ፍሬ በሚረግፍበት ወራት አሳማቸውን ወደ ጫካው ይለቃሉ። በብዙ ቦታም አንዱ ቤት ስንት ላም፣ ስንት በግ ማሰማራት እንደሚችል በቁጥር የተወሰነ ነበር። መሬት የሌላት፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት በዚህ መብት ጎጆዋን ታቆም ነበር። መብቱ ሲነጠቅ የሚቀራት የሰው ቤት ሥራ ወይም ልመና ነው።

የ1549 ዓመት ለዚህ ቃል የተለየ ዓመት ነው። በሰኔ ወር በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ «ዘ ቡክ ኦፍ ኮመን ፕሬየር»፣ የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ማለት ነው። በምዕራብ የዴቨንና የኮርንዎል ሕዝብ ተነሣበት፤ ኮርንዎሎቹም ከመካከላችን እንግሊዝኛ የማያውቁ አሉ ሲሉ በጽሑፍ አመለከቱ። የጋራ ተብሎ የታወጀው ለእነርሱ የጋራ አልነበረም። በሐምሌ ወር ደግሞ በምሥራቅ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ የዋይመንደም ገበሬዎች ባላባቶች የወል ግጦሹን ያጠሩበትን አጥር ማፍረስ ጀመሩ። ሮበርት ኬት ራሱ አጥር ካጠሩት ባለመሬቶች አንዱ ነበር። ሊያፈርሱበት ሲመጡ ግን ጥያቄያቸውን ተቀብሎ አጥሩን አብሯቸው አፈረሰ፤ መሪያቸውም ሆነ። 16 ሺህ ያህል ሰው በማውስሆልድ ሜዳ ሰፍሮ ኖርዊች ከተማን ያዘ፤ 29 አንቀጽ ያለው አቤቱታም ለንጉሡ ቀረበ። ከአንቀጾቹ አንዱ ባላባት ከብቱን በወሉ ግጦሽ ላይ እንዳያሰማራ የሚጠይቅ ነው። በዚያ ላይ «ኮመን» በግስነት ጭምር ተጽፎ እናገኘዋለን። ገበሬዎቹ «መጋራት»ን እንደ ማረስና እንደ ማጨድ የሚሠራ ሥራ አድርገው ይናገሩት ነበር ማለት ነው። አመፁ በነሐሴ ወር በጦር ተደመሰሰ፤ ኬትም በታኅሣሥ በኖርዊች ግንብ ላይ ተሰቀለ። ከ400 ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ በዚያው ግንብ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተደረገለት።

መቶ ዓመት አልፎ ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ በ1649 አንገቱ ሲቆረጥ፣ ፓርላማው አገሪቱን «ኮመንዌልዝ» ብሎ ሰየማት፤ ቃል በቃል ቢወሰድ የጋራ ደኅንነት ወይም የጋራ በጎነት እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጄራርድ ዊንስታንሌይና ጓደኞቹ ምድር ለሁሉ የተፈጠረች ናት ብለው በሰሪ አውራጃ የቅዱስ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ የወል መሬት ቆፍረው ዘሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የአካባቢው ባለመሬቶች አባረሯቸው። አዲሱ ስም በመንግሥቱ ላይ ሲጸና፣ ኮረብታው ግን በባለመሬቶቹ እጅ ቀረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት «ሃውስ ኦፍ ኮመንስ» ይባላል። ስያሜው ከየአውራጃውና ከየከተማው ማኅበረሰብ እንጂ ከድኻው ሕዝብ የመጣ አይደለም፤ በወንበሮቹም ላይ ለብዙ ዘመን የተቀመጡት ባለመሬቶች ነበሩ። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ መሬትን በአጥር የሚከልሉ ከ5,200 በላይ ሕጎች በፓርላማው ጸድቀዋል። የተከለለው የወል ግጦሽና ክፍት እርሻ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ከእንግሊዝ ስፋት ከአምስት አንድ እጅ በጥቂት የሚበልጥ ነው። አንዱን ጋሻ 40 ሄክታር ብለን ብናሰላው ወደ 69 ሺህ ጋሻ ይጠጋል። «ኮመንስ» የተባለው ምክር ቤት «ኮመን» የተባለውን መሬት በድምፅ ብልጫ አጠፋው።

የዚህ ሁሉ ምስክር ባለቅኔው ጆን ክሌር ነው። በ1793 በሄልፕስተን መንደር ከቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ፤ የመንደሩን መሬት የሚከልለው ሕግ በ1809 ሲወጣ ገና ወጣት ነበር። በልጅነቱ የዞረበት ሜዳ በአጥር ሲቆራረጥ በዐይኑ አይቷል፤ ቁጭቱንም በግጥም ጽፎታል። በ1820 የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲታተም ግን ደጋፊው ሎርድ ራድስቶክ ባለጠጎችን የሚነኩ ስንኞች እንዲወጡ አስገደደ፤ አሳታሚውም የመንደሩን ቃላት ያርም ነበር። መሬቱም ቋንቋውም በአንድ ዘመን ታጠሩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት «ኮመን» የሰው መስደቢያ ሆኖ ተደላደለ። ልብሷ፣ አነጋገሯ፣ አበላሏ የባለጌ ነው ለማለት «ኮመን ናት» ይባል ጀመር። ስድቡን የሚወዱት መኳንንቱ ብቻ አልነበሩም፤ ከድኻው ትናንት የተለየው መካከለኛ መደብም አጥብቆ ይዞት ነበር። አጥሩ ለስድቡ ብቸኛ ምክንያት ነው ማለት ግን ያስቸግራል። ከላቲኑ በፊት እንግሊዝኛ «ሚን» የሚል የራሱ ቃል ነበረው፤ እርሱም «የጋራ» ከሚል ተነሥቶ «ዝቅተኛ» ወደሚል፣ ከዚያም «ንፉግ»ና «ክፉ» ወደሚል ወረደ። የጀርመንኛ ዘመዱ «ጌማይን»ም በዚያው ቁልቁለት ሄዷል። የእኛውስ «ባላገር»? የአገር ባለቤት ማለት የሆነው ክቡር ስም በከተሜ አፍ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

በ1968 ጋረት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የወል ግጦሽ በእረኞች ስስት መጥፋቱ አይቀርም የሚል ዝነኛ ጽሑፍ አወጣ። ይህም ከላይ የጠቀስነውን ስሕተት የደገመ ነው፤ ቁጥር የሚወስነውን የመንደር ሕግ ረስቶታል። ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ መልስ ሰጠችበት፤ ሥራዋም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አስገኘላት። ከማስረጃዎቿ አንዷ የስዊሷ ቶርበል መንደር ናት። በ1517 በጽሑፍ በሰፈረ ደንቧ ማንም ሰው በበረዶው ወራት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ተራራው ግጦሽ አይሰድም።

የእኛ ሰዋስው ጸሐፊዎች ለእንግሊዝኛው «ኮመን ናውን» «የወል ስም» የሚል አቻ ሲሰጡት፣ «ተራ»ን ትተው የግጦሹን ቃል መርጠዋል። ያ ቃል በመንዝ የጓሳ ሜዳ ለዘመናት በሥራ ላይ ነበረ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያው ገሳ ይሆናል፤ ሜዳው በሽማግሌዎች ትእዛዝ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሲፈቀድ ይከፈታል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጢሰኛውን ከባላባት ነፃ ሲያወጣ፣ በትውልድ መብት ላይ የቆመው ይህ የጥበቃ ሥርዐትም አብሮ ፈረሰ። ሜዳው የሁሉ ተባለ፤ ጠባቂ ግን አጣ። ኋላ ነዋሪዎቹ ኮሚቴ መርጠው የመዝጊያውንና የመክፈቻውን ጊዜ እንደገና መወሰን ጀመሩ።